አሮጌው ፕሌይስቴሽን ለምን አልረክስ አለ?

በሰፈራችን ከዳቦ ቤቱ ጎን አንዲት ጠባብ ጌም ቤት አለች። አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ፒኤስ 4፣ ግድግዳው ላይ «ዱቤ ክልክል ነው» የሚል ካርቶን። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ጥግ ላይ ከምረው ተራ ይጠብቃሉ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። እኔም እዚችው ቤት ውስጥ በፒኤስ 2 ዘመን ስንት የዳቦ ሳንቲም እንዳስበላሁ እናቴ ባታውቅ ይሻላል።

ባለፈው ሰሞን ለወሬ ጎራ ስል ባለቤቱ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። አብሮ አደጌ ነው። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ የዋጋ ነገር ሁሉ የሚገባኝ ይመስለዋል። «ፒኤስ 5 ከወጣ አምስት ዓመት አለፈው አይደል? ፒኤስ 4 በዚህ ዕድሜው ረክሶ ነበር። ይሄኛው ለምንድነው የማይረክሰው? ልጠብቅ ወይስ ልግዛ?»

እኔም ብዙ ሳላስብ «ጠብቅ እንጂ! ኤሌክትሮኒክስ ሲያረጅ መርከሱ አይቀርም» ብዬው ወጣሁ። ቤት ገብቼ ዋጋዎቹን ከዓመት ዓመት ሳስተያይ ግን ምክሬ ልክ እንዳልነበረ ገባኝ። እንግዲህ ይሄ ጽሑፍ በከፊል ዕርማት ነው። (ስለ ኮንሶል ሳወራ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዋጋዎቹም የአሜሪካ ገበያ ዋጋ ናቸው።)

ሲያረጅ የሚረክስበት ዘመን

ፒኤስ 2 በ2000 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ 299 ዶላር ነበር። በ2002 ወደ 199 ወረደ፣ በ2004 149 ሆነ፣ በ2006 129 ገባ፣ በ2009 ደግሞ 99 ዶላር። በመላው ዓለም ከ155 ሚሊዮን በላይ ከተሸጠበት ምክንያት አንዱ ይሄ ነው። መጀመሪያ ሀብታሙ ገዛው፣ ቀጥሎ መካከለኛው፣ በመጨረሻ ደግሞ የቀረው ሁሉ። ፒኤስ 3ም በ2006 ሲወጣ ርካሹ ሞዴል 499 ዶላር ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ 299 ዶላር ገባ። ፒኤስ 4 ደግሞ በ2013 ከ399 ጀምሮ በ2016 299 ደረሰ።

ዋጋው በቸርነት አልነበረም የሚወርደው። ሁለት ምክንያት ነበረው።

የመጀመሪያው ቺፑ ነው። ጎርደን ሙር የተባሉት መሐንዲስ በ1965 እንዳመለከቱት፣ በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩት ትራንዚስተሮች በየጊዜው በእጥፍ ይጨምሩ ነበር። ይህ ማለት የዛሬውን ቺፕ ከጥቂት ዓመት በኋላ አሳንሶና አርክሶ መሥራት ይቻላል ማለት ነው። ቺፑ ሲያንስ የሚበላው መብራት ይቀንሳል፣ ማቀዝቀዣው ያንሳል፣ ሳጥኑ ይቀጥናል፣ የማጓጓዣው ወጪም ይቀላል። በየዘመኑ «ስሊም» እየተባለ የሚመጣው ቀጭኑ ሞዴል ከዚህ ነው የሚወለደው።

ሁለተኛው የንግዱ ዘዴ ነው። አምራቾቹ ዋናውን ትርፍ የሚጠብቁት ከሳጥኑ አይደለም። ሶኒ ፒኤስ 3ን በኪሳራ ይሸጥ እንደነበር የታወቀ ነው። የማይክሮሶፍት ኃላፊም በ2021 በኤፒክና በአፕል የፍርድ ቤት ክርክር ላይ፣ ኩባንያው ከኤክስቦክስ ሳጥን ሽያጭ አትርፎ እንደማያውቅ መስክረዋል። ትርፉ ያለው ከጌሙ፣ ከወርሃዊው ክፍያና ከኦንላይን መደብሩ ኮሚሽን ላይ ነው። ቡናውን ለመሸጥ ጀበናውን በቅናሽ እንደ መስጠት ቁጠሩት። ስለዚህ ብዙ ሰው ቤት መግባት ከፈለጉ ሳጥኑን ማርከስ ነበረባቸው።

እኛ ደግሞ የዚህ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ነን። የውጭው ልጅ አዲሱን ሲገዛ አሮጌውን ይሸጣል፤ አሮጌው በዘመድ ሻንጣ ወይም በነጋዴ ጭነት ዞሮ ዞሮ አዲስ አበባ ይገባል። አዲሱ በረከሰ ቁጥር ያገለገለው ይበልጥ ይረክሳል። አብዛኛው የሰፈር ጌም ቤት የቆመው በዚህ ጠብታ ላይ ነው።

ታላቅ ወንድም ሲመጣ

በ2016 ሶኒ አዲስ ነገር ሞከረ። ፒኤስ 5ን ሳይጠብቅ የፒኤስ 4ን ጉልበት ጨምሮ «ፕሮ» ብሎ አወጣው። ማይክሮሶፍትም በ2017 በኤክስቦክስ ዋን ኤክስ ተከተለ። ከዚያ በፊት ኮንሶል እንደ ትምህርት ክፍል ነበር፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው አይመጣም። መሃል ላይ ማሻሻያ ለመሸጥ የሞከሩትም አልተሳካላቸውም። ሴጋ በ1994 በነባሩ ኮንሶሉ ላይ የሚሰካ 32ኤክስ የተባለ ዕቃ አውጥቶ ብዙም ሳይቆይ ተወው፤ በ2001 ደግሞ ከናካቴው ኮንሶል መሥራት አቆመ።

የ2016ቱ ፕሮ ግን ገበያውን አልረበሸም። ለምን? ዋጋው 399 ዶላር ነበር፣ ማለትም ፒኤስ 4 መጀመሪያ የወጣበት ዋጋ። ተራው ሞዴል ደግሞ 299 ላይ ተቀመጠ። ታላቅ ወንድም መጥቶ ታናሹን ወደ ታች ገፋልን። የማሻሻያው ጥቅም ለገዛው ብቻ ሳይሆን ላልገዛውም ደረሰ ማለት ነው።

አሁን በ2024 የመጣውን ፒኤስ 5 ፕሮ እንይ። ሲወጣ 699.99 ዶላር ነበር፣ ተራው ሞዴል ከጀመረበት በ200 ዶላር ይበልጥ ነበር። ዲስክ ማጫወቻ የለውም፤ ሲወጣ የሚፈልግ 79.99 ዶላር ጨምሮ ይገዛ ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ታናሹ ወደ ታች አለመገፋቱ ነው። እንዲያውም ወደ ላይ ወጣ። ፒኤስ 5 በ2020 ባለዲስኩ 499፣ ዲስክ የሌለው 399 ዶላር ነበር። በነሐሴ 2025 ባለዲስኩ 549.99፣ ዲስክ የሌለው 499.99፣ ፕሮው 749.99 ሆነ።

ሶኒ ብቻ ቢሆን «ስግብግብ ነው» ብለን እናልፈው ነበር። ግን ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስም ከ499 ተነስቶ በ2025 ብቻ ሁለት ጊዜ ጨምሮ 649.99 ደርሷል። ኔንቲዶም ስዊች 2ን በሰኔ 2025 በ449.99 ዶላር አውጥቶ በአራት ቀን ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ሸጠ። ሁለት ወር ሳይሞላው አሮጌውን ስዊች፣ በ2017 የወጣውን ዕቃ፣ ከ299.99 ወደ 339.99 ዶላር ከፍ አደረገው። ስምንት ዓመት የሞላው ዕቃ፣ ተተኪው ወጥቶ እያለ፣ ዋጋ ጨመረ! ዩኒቨርሲቲ ሳለን ለፈተና ቢመጣልኝ ኖሮ «የማይሆን ነው» ብዬ ነበር የምመልሰው።

እርግጥ ነው፣ አንድ ነገር መታየት አለበት። አሜሪካ ውስጥ ከ2020 ወዲህ አጠቃላይ የዋጋ ንረቱ ወደ ሩብ ገደማ ነው። ስለዚህ ዲስክ የሌለው ፒኤስ 5 በ2025 በእውነተኛ ዋጋው ብዙም አልተወደደም ነበር ማለት ይቻላል። ይሁን። ቁም ነገሩ ግን ባለበት መቆሙ ራሱ አዲስ ነገር መሆኑ ነው። ድሮ የዶላሩ ቁጥርም እውነተኛ ዋጋውም አብረው ነበር የሚወርዱት።

ምን ተለወጠ?

አንደኛ፣ ቺፕ ማሳነስ ውድ ሆኗል። መጠኑ አሁንም እያነሰ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ልክ የሚያመርቱት ፋብሪካዎች በጣም ጥቂት ናቸው፣ ማሽኖቻቸውም እጅግ ውድ ናቸው። የድሮው «አሳንሰህ አርክስ» ጨዋታ ትርፉ ሳስቷል።

ሁለተኛ፣ ገበያው ላይ ሌላ ሀብታም ገዢ መጥቷል። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የመረጃ ማዕከላት ሜሞሪውንም ቺፑንም በገፍ ይገዛሉ። በ2025 መጨረሻ የሜሞሪ ዋጋ በፍጥነት ያሻቀበው በዋነኛነት በዚሁ ምክንያት ነው። ኮንሶል ሠሪው ሰልፉ ላይ ቆሞ ሳለ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው ከፊቱ ገባበት ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የአሜሪካ የ2025 የቀረጥ ጭማሪ አለ። ኮንሶል በብዛት የሚገጣጠመው እስያ ስለሆነ ዱላው አርፎበታል።

አራተኛው ብዙም አይወራለትም፤ ፉክክሩ መላላቱ። ድሮ አንዱ ዋጋ ሲቀንስ ሌላው በማግስቱ ይከተል ነበር። አሁን ማይክሮሶፍት ራሱ ጌሞቹን ወደ ፕሌይስቴሽን እየወሰደ ነው፤ ፎርዛ ሆራይዘን 5 በ2025 ፒኤስ 5 ላይ ወጥቷል። ተፎካካሪህ ዕቃውን ባንተ ሱቅ መሸጥ ከጀመረ ዋጋ የምትቀንሰው ማንን ፈርተህ ነው?

የኳሱ ሰዓት

«ታዲያ ፒኤስ 4 ይበቃዋላ! ማን አሻሽል አለው?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው በኳስ ጌሙ ላይ ነው።

የሰፈር ጌም ቤት ገቢ በአብዛኛው ከአንድ ጌም ነው፤ ዛሬ ኤፍሲ ከሚባለው፣ እኛ አሁንም ፊፋ ከምንለው። በጥቅምት አካባቢ አዲሱ ካልገባ ልጆቹ «እዚያኛው ጌም ቤት ገብቷል» ብለው ይሄዳሉ። ተጫዋቹ ክለብ ቀይሮ፣ በጌሙ ውስጥ ግን ያው በድሮ ማሊያው ሲሮጥ ማየት አይወዱም።

አሁን ይህን ስሌት እዩ። ፒኤስ 2 የወጣው በ2000 ነው፤ ፊፋ 14 በ2013 ወጥቶለታል። ፒኤስ 3 የወጣው በ2006 ነው፤ የመጨረሻው ፊፋው በ2018 የወጣው ፊፋ 19 ነው። የአንዱ ዕድሜ 13 ዓመት፣ የሌላው 12 ዓመት። ፒኤስ 4 በ2013 ወጣ፤ ኤፍሲ 26 በ2025 ወጥቶለታል። አሥራ ሁለት ዓመት ሞላው። ቀኑን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግረን አይችልም፤ ከቀደሙት ሁለቱ በመነሣት ግን ሰዓቱ እየቀረበ ነው። ጂቲኤ 6ም ለፒኤስ 4 አይወጣም።

የባለቤቱ ችግር እዚህ ላይ ነው የሚገጣጠመው። ለተጫዋች ኮንሶል መዝናኛ ነው፤ ለጌም ቤት ባለቤት ግን እንደ ወፍጮ ነው፣ የማምረቻ መሣሪያ። ወፍጮው የሚፈጨው እህል ከገበያ ሲጠፋ፣ ወፍጮው ባይሰበርም ሞቷል።

እስኪ በቁጥር እናስበው። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ናቸው። አንድ ማሽን የቤት ኪራይ፣ መብራትና የጆይስቲክ ወጪ ተቀናንሶ በቀን 200 ብር ያስተርፋል እንበል። ዶላሩን በ140 ብር እንያዘው። የ550 ዶላሩ ፒኤስ 5 በትንሹ 77,000 ብር ይመጣል፤ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመር። ይህን ለመመለስ 385 ቀን፣ ማለትም ከአንድ ዓመት በላይ ያስፈልጋል። ፒኤስ 5 እንደ ፒኤስ 4 በሦስት ዓመት ሩብ ያህል ዋጋ ቀንሶ 375 ዶላር ገብቶ ቢሆን ኖሮ 52,500 ብር ይሆን ነበር፤ በ262 ቀን ገደማ ይመለሳል። ልዩነቱ የአራት ወር ሥራ ነው። የአራት ማሽን ሲሆን አስቡት።

በዚህ ላይ ብሩ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ብዙም አይበልጥም ነበር፤ 2017 ዓ.ም. ሲያልቅ 130ን ተሻግሯል። እርግጥ ዕቃ የሚያመጣው ሰው ከዚያ በፊትም በትይዩ ገበያው ዋጋ ስለሚያሰላ ጭማሪው በወረቀት ላይ የሚታየውን ያህል አልሆነም። ቢሆንም ሁለቱ ተደራረቡ፤ ኮንሶሉ በዶላር ተወደደ፣ ዶላሩ በብር ተወደደ።

«የጨዋታውን ዋጋ ይጨምራ!» ማለት ይቀላል። ደንበኛው ግን ልጅ ነው። ልጁ አምስት ብር ሲጨመርበት እንደ አዋቂ አጉረምርሞ አይከፍልም፤ በቃ አይመጣም። ሜዳ አለ፣ ስልክ አለ።

የዲስኩ ነገር

ከዋጋው በላይ እኔን ያሳሰበኝ የዲስኩ ጉዳይ ነው። ዲስክ ማለት የሚዋስ፣ የሚለዋወጥና የሚሸጥ ጌም ማለት ነው። በፒኤስ 2 ዘመን ከኮፒ ዲስክ ጋር ነው ያደግነው፣ እሱን መካድ አይቻልም፤ በኋላ ግን ጌም ቤቶች ኦሪጅናሉን ገዝተው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሸጠው ለአዲሱ ማሟያ ማድረግ ለመዱ። ዲስክ የሌለው ኮንሶል ላይ ግን ጌሙ ከአካውንት ጋር የታሰረ ነው። መሸጥ የለም፣ መዋስ የለም፤ ዋጋውን የሚተምነውም አንድ መደብር ብቻ ነው።

ፕሮው ያለ ዲስክ ማጫወቻ መምጣቱ ወደፊት ምን እንደታሰበ ይጠቁማል። በስዊች 2 ላይም አንዳንዱ ካርድ ጌሙን አልያዘም፤ ቁልፉን ብቻ ይዞ ጌሙን ከኢንተርኔት ያስወርዳል። ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ ለቆመ አገር ይህ ከ200 ዶላር ጭማሪ የበለጠ ነገር ነው።

ወደፊትስ?

ሦስት መንገድ ይታየኛል።

አንደኛው በጉልበት ፈንታ በብልሃት ማሻሻል ነው። ፒኤስ 5 ፕሮ ምስሉን አነስ አድርጎ ሠርቶ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያጠራዋል። ሶኒና ኤኤምዲ ይህን ዘዴ በጋራ እያዳበሩ ነው። ተስፋ ካለ እዚህ ላይ ነው፤ ሶፍትዌር እያሻሻለው ሲሄድ ያው ሳጥን ረዘም ላለ ጊዜ ሊያገለግል ይችላል።

ሁለተኛው ኮንሶሉ ወደ ኮምፒውተር መጠጋቱ ነው። ማይክሮሶፍት በ2025 ከኤኤምዲ ጋር የቀጣዩን ኤክስቦክስ ስምምነት አድርጓል፤ በዚያው ዓመት በኤክስቦክስ ስም የወጣው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ዊንዶውስ የሚጠቀም ኮምፒውተር ነው። ሲወጣ ዋጋውም 599 እና 999 ዶላር ነበር። እንደ ኮምፒውተር ሲሆን ምርጫው ይበዛል፤ በጌም ትርፍ የሚደጎመው ርካሽ ሳጥን ግን ይቀራል።

ሦስተኛው ሳጥኑን ትቶ ጌሙን በኢንተርኔት ማሰራጨት ነው። ጉግል በስታዲያ በ2019 ጀምሮት በጥር 2023 ዘግቶታል። ሌሎች ቀጥለውበታል። ሆኖም ኳስ ጌም ላይ ቁልፍ ተጭነህ ተጫዋቹ ዘግይቶ ከመታ ጎሉ አምልጧል። መብራትና ኔትወርክ ተራ በተራ በሚጠፉበት ሰፈር በዚህ ላይ ንግድ መመሥረት ድፍረት ይመስለኛል።

ሦስቱም ውስጥ «ቆይ፣ ይረክሳል» የሚለው መልስ የለም።

ዕርማቴ

ተመልሼ ሄድኩ። «ጠብቅ ያልኩህን አንስቻለሁ» አልኩት። ሳቀ፤ «ድሮም አላመንኩህም፣ ዕቁብ ገብቻለሁ» አለኝ። ተቀምጠን ተነጋገርን። የተስማማንባቸው ነገሮች ለሌላም ባለ ጌም ቤት ሊጠቅሙ ስለሚችሉ ልጻፋቸው።

ፕሮ አያስፈልገውም። ከሩቅ በሚታይ ተራ ቴሌቪዥን ላይ ልጆቹ ልዩነቱን አያዩትም፤ ለማያዩት ነገር ደግሞ አይከፍሉም።

ሲገዛ ባለዲስኩን ይግዛ፤ አብዛኛው የፒኤስ 4 ዲስክ እሱ ላይ ይሠራል። ለብቻ የሚገጠመውን ማጫወቻ የሚገዛ ሰው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጥመው ኢንተርኔት እንደሚያስፈልግ ይወቅ። የፒኤስ 4 ጆይስቲክ በፒኤስ 5 ጌሞች ላይ ስለማይሠራ የአዲስ ጆይስቲክ ወጪም ከመነሻው መያዝ አለበት፤ በ2025 አንዱ ወደ 75 ዶላር ነበር።

አራቱንም ባንድ ጊዜ አይቀይር። አንድ ፒኤስ 5 አስገብቶ ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ያጫውት፤ ሦስቱ ፒኤስ 4 ለትንንሾቹ ይቆዩ። ማን ተጨማሪ እንደሚከፍልና ማን እንደማይከፍል ከእኔ መጽሐፍ ይልቅ ያቺ አንዲት ማሽን ትነግረዋለች።

እስከዚያው ርካሹ ማሻሻያ እጁ ላይ አለ። ፒኤስ 4 ሃርድ ዲስኩ ይቀየራል፤ ኤስኤስዲ ሲገባለት ጌሙ ቶሎ ይከፈታል። በየጨዋታው አንድ ደቂቃ ቢተርፍና በቀን 40 ጨዋታ ቢኖር 40 ደቂቃ ነው። ለቤት ተጫዋች ያች ደቂቃ ስልክ ማያ ናት፤ ለሱ ግን ያልተሸጠ ሸቀጥ ናት።

የመጨረሻው የሒሳብ ሰዎች የእርጅና ቅናሽ የሚሉት ነገር ነው። ማሽኑ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሞተ ነው፤ የሞተውን ያህል ከገቢው ላይ ለብቻ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ድሮ ይህን ባያደርግም የሚቀጥለው ማሽን በራሱ ጊዜ ረክሶ ይጠብቀው ነበር። አሁን የሚጠብቀው የለም።

እያወራን ሳለ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ጆይስቲክ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ወደ ግራ ብቻ ነው የሚሄደው» አለው። ባለቤቱ ወሬያችንን አቋርጦ መፍቻውን አነሣ።